የቀለህ ሒሳብ

ባለፈው የገና ሰሞን፣ ከብዙ ዘመን በፊት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሚኒሶታ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ አሰላ ድረስ መጥቶ በቤቴ በሰነበተበት ጊዜ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ሰውን ሁሉ ከምድጃ ዳር ሰብስቦ በሚያስቀምጥባት በአንዲት ምሽት፣ ወሬ ወሬን ሲያነሣው አንድ ነገር አጫወተን፤ ይኸውም እርሱ በሚኖርበት አገር አጋዘን ለማደን የሚወጣ ሰው ጥይቱን ከሱቅ ለመግዛት ግድ እንደሌለበት፣ የተኮሰውን ባዶ ቀለህ ለቅሞ፣ ባሩዱንና ዐረሩን ለየብቻ ገዝቶ፣ በቤቱ ጎን ባለው የመኪና ማደሪያ ውስጥ በእጅ በሚሠራ መጭመቂያ መልሶ እንደሚሞላው፣ እርሱም ራሱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንዲህ እያደረገ ከሱቁ ዋጋ እኩሌታውን እንዳተረፈ ነበር። በዚያች ምሽት ከእኛ ጋራ ተቀምጠው የነበሩት፣ ሰማንያውን ያለፉና በሰፈሩ ሁሉ ዘንድ ኦቦ እየተባሉ የሚከበሩት ጎረቤቴ ነገሩን እስከ ፍጻሜው በጸጥታ ሰምተው ሲያበቁ፣ «አባቴም ይሞላ ነበር፤ ነገር ግን ተረፈኝ ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ለመሆኑ ልጄ፣ በዓመት ስንቱን ነው የምትተኩሰው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም፣ «ኧረ ሃያም አይሞላ፣ ኦቦ» አላቸው። ሽማግሌውም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ እሳቱ ተመለሱ።

ይህችን ጥያቄ በኅሊናዬ ሳመላልሳት ከረምሁ። ጥይትን በቤት ሞልቶ ገንዘብ ማትረፍ ይቻላልን የሚለው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ጥቂት አዳኞች በመካከላቸው የሚጫወቱት እንጂ ለጋዜጣ ሐተታ የሚበቃ አይመስልም፤ ነገር ግን እኛ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቀለህ የለቀመና የሞላ ሕዝብ ነንና በዚህ ጉዳይ ላይ የምንናገረው አናጣም። የእኛ ልምድ ባሕር ማዶ ካለው ጋራ በእጅ ሥራው ቢመሳሰልም በምክንያቱ ፈጽሞ ይለያል፤ የሚለየውም «ተወደደብኝ» ብሎ በሚሞላ ሰውና «አጣሁ» ብሎ በሚሞላ ሰው መካከል ነው። ውድነትና እጦት ሁለት ደዌዎች ናቸው፤ ምልክታቸው ስለሚመሳሰል ግን ሰው ብዙ ጊዜ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል፤ የእኅቴም ልጅ የሳተው፣ ሽማግሌውም በአንዲት ጥያቄ የነኩት ይህንኑ ይመስለኛል።

ነገሩን ከጥንቱ እንጀምር። በአገራችን ውጅግራ እየተባለ የሚጠራው ጠመንጃ ፈረንሳዮች በእነርሱ አቆጣጠር በ1874 ለሠራዊታቸው የመረጡት፣ በሠሪው ስም ግራ ተብሎ የተሰየመው፣ አፈ ሙዙ ዐሥራ አንድ ሚሊሜትር የሆነ፣ አንድ አንድ እያጎረሱ የሚተኩሱት ነፍጥ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1886 ደግሞ ሌቤል የተባለው አዲስ ጠመንጃ ጭስ ከሌለው ባሩድ ጋራ በመጣ ጊዜ ውጅግራው በአንድ ቀን አሮጌ ሆነና በፈረንሳይ መጋዘኖች የተከማቸው በርካሽ ዋጋ እየተሸጠ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። በዚያ ዘመን ከባሕር ዳር እስከ ሸዋ የነበረው የነፍጥ ንግድ ስንቱን ሰው እንዳከበረና ስንቱን እንዳከሰረ ለማወቅ የሚሻ ሰው የባለቅኔውን የአርተር ራምቦን ታሪክ መመልከት ይበቃዋል፤ እርሱ ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ፣ ወራት የፈጀውን የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ደረሰ፤ ትርፍ ሽቶ ቢመጣም ከዳግማዊ ምኒልክ ጋራ ሒሳቡን በተዋቀሰ ጊዜ ኪሳራውን ሲቆጥር ተገኘ። እንግዲህ አንዲት የጥይት ሣጥን በግመል ጀርባ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ፣ በየኬላው ቀረጥ ከፍላ፣ ውኃ በሌለበት በረሃ ሰውና ከብት አስፈጅታ ከደረሰች በኋላ፣ በውስጧ ያለችው እያንዳንዷ ጥይት ተተኩሳ ቀለህዋ እንደ ምናምን ይጣል ዘንድ ማን ይወዳል?

ስለዚህ ቀለህ ይለቀም ነበር፤ በአገር ባሩድና በአገር አንጥረኛ ጥበብም ይሞላ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለበትን ምክንያት ልብ ማለት ይገባል። የውጅግራ ጥይት በጥቁር ባሩድ የምትሠራ፣ ግፊቷ ለዘብ ያለ፣ ዐረሯም ያልተለበጠ እርሳስ ነበረች፤ ጥቁር ባሩድ ደግሞ በአገራችን ከውጅግራ አስቀድሞ፣ ከባለ ክብሪቱ ነፍጥ ዘመን ጀምሮ ሲቀመም የኖረ ነው፤ እርሳስም በማንኛውም የቤት ምድጃ ላይ ይቀልጣል። ከነሐስ የተሠራው ቀለህ ግን በአገር ውስጥ የሚሠራ አልነበረምና የጥይቷ ክቡር ክፍል እርሱ ነበር፤ በቀለሁ ግርጌ ተቀምጣ በመርፌው ስትመታ እሳት የምትሰጠው ትንሿ መለኮሻም እንዲሁ ከባሕር ማዶ ካልመጣች አትገኝም። ሆኖም የተሞላው ቀለህ እንደ አዲሱ አልነበረም፤ የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ነሐሱን ይበላዋል፣ በተደጋገመ ቁጥርም አፉ ይሰነጠቃል፣ ወገቡ ይነፋል፣ ከጠመንጃው ጉሮሮ ተጣብቆ አልወጣም ይላል፤ ይህም በጦር ሜዳ ላይ ያለ ሰው ከጠላቱ ይልቅ ከገዛ ነፍጡ ጋራ ሲታገል እንዲገኝ ያደርገዋል።

የነገሩን ክብደት ለማወቅ የምንመዝንበት ሚዛን በእጃችን አለ። የውጅግራ ዐረር 25 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ በዚያው ዘመን ገበያችንን ይገዛው የነበረው ማርያ ቴሬዛ ብር ደግሞ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ በመዳፍ ላይ ቢያስቀምጧቸው በክብደት የሚቀራረቡ ወንድማማቾች ናቸው። ምናልባት በዚህም ምክንያት ይሆን አላውቅም፣ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የብር ምንዛሪ ሆና በገበያ ላይ ትሠራ ነበር፤ በተለይም በደቡቡና በምዕራቡ አገር ሰው ዶሮም ማርም ገዝቶ ዋጋውን ጥይት ቆጥሮ ይከፍል ነበር። ገንዘብን መተኮስ የሚቻልበት አገር መቼም ከእኛ ሌላ ብዙ አልነበረም። እስቲ አሁን ያን ዘመን በሒሳብ ዓይን እንየው፤ ጥይት ገንዘብ በሆነችበት አገር ላይ ቀለህ የሚሞላ ሰው ወጪ የሚቆጥብ ሰው አይደለም፤ ገንዘብ የሚያትም ሰው ነው፤ ያውም ከመካከሉ አንዳንዱ ሐሰተኛ ሆኖ የሚገኝ ገንዘብ፤ ሐሰተኛነቱም የሚታወቀው በገበያ ላይ ሳይሆን ቃታ በተሳበ ጊዜ ነው።

የአርሲ ደጋ ነፍጥን መጀመሪያ ያወቀው በአፈ ሙዙ በኩል እንደ ነበረ ሳልጠቅስ ማለፍ ርትዕ አይሆንም። የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የሸዋን ሠራዊት እየመሩ ወደዚህ ምድር በመጡ ጊዜ፣ የአርሲ ሰው በፈረሱ ላይ ሆኖ በጦርና በጋሻ ዓመታት ተቋቁሞ፣ በመጨረሻ በ1878 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ አዙሌ በተባለው ሥፍራ በነፍጥ ኃይል ተሸነፈ፤ ከዚያም በኋላ መሬቱ ለባለ ነፍጡ ተሸንሽኖ የባለ መሬቱ ልጅ ገባር ሆነ። ስለዚህ በዚህ አገር ጥይት ምን ያህል ታወጣ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በብርና በአሞሌ ብቻ አይሰጥም፤ ዋጋዋ ለሁለት ትውልድ በገባሩ ጉልበት፣ በእህሉና በማሩ ሲከፈል ኖሯል። የጎረቤቴ አባት ከዚያ ሁሉ በኋላ በሬዎቻቸውን ሸጠው አንድ አሮጌ ውጅግራ ሲገዙ፣ የገዙት መሣሪያውን ብቻ እንዳልነበረ ይገባኛል።

ዐድዋን ሁሉ ያውቀዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መቶ ሺህ ገደማ የሚሆን ሠራዊት የተሰለፈበት ያ ጦርነት ድል የሆነው፣ ከጀግንነቱ ሌላ፣ ንጉሡ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከፈረንሳይም ከሌላውም፣ ከራሷ ከጣልያን ጭምር፣ ጠመንጃና ጥይት ሳይታክቱ በማከማቸታቸው ነበር፤ በቤት የተሞላ ቀለህ ለቅምሻ ያህል ካልሆነ የዐድዋን ቀን አይመግበውም። ከዐድዋ በኋላ የሆነው ግን ለያዝነው ነገር የበለጠ ያስተምራል። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን የጦር መሣሪያ ለመቆጣጠር በመካከላቸው ተዋዋሉ፤ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ ያለችበት ሌላ ውል ተፈረመ፤ በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ደመና ባንዣበበ ጊዜ ግን ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ አንሸጥም አሉ፤ ለሁለቱም መባሉ በቃል ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ወገን የራሱ ፋብሪካ ያለው፣ ሌላው የሌለው በሆነ ጊዜ፣ ክልከላው በአንዱ አንገት ላይ ብቻ የሚጠብቅ ገመድ ነበር። በማይጨውም፣ ከማይጨውም በኋላ በአምስቱ የወረራ ዓመታት በየዱሩ በቀሩት አርበኞች ዘንድ፣ ጥይት እንደ ሥጋ ወደሙ ተቆጥራ የምትታደል፣ አንዷም በከንቱ ብትወጣ የምታስጠይቅ ሆነች። በዚህ ዘመን ቀለህ የሞላ ሰው «ምን ያህል ተረፈህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ራሱ ባልገባው ነበር፤ እርሱ የሞላው የምትሸጥ ጥይት ስላጣ ነውና። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋጋ ከምንም ጋራ አይወዳደርም፣ ተወዳዳሪው ባዶ እጅ ነውና።

የእኅቴ ልጅ ግን በአጠገቡ ሱቅ አለ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሒሳቡን በሙሉ መሥራት አለበት፤ በሉቃስ ወንጌል የተመሰለው ግንብ ሊሠራ የሚሻው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የተመከረው በከንቱ አይደለም። እኔም በማግሥቱ ወረቀትና እርሳስ ይዤ፣ «በል እስቲ፣ ያንን እኩሌታህን አንድ በአንድ ቁጠርልኝ» አልሁት። እርሱም፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ ቀጠለ። የመጭመቂያው መሣሪያ፣ ሚዛኑ፣ መለኪያውና ሌላው ጓዝ በድምሩ 500 ዶላር አስወጥቶታል። የሱቁ ጥይት አንድ ዶላር ብትሆን፣ እርሱ የሞላት 50 ሳንቲም ትፈጃለች፤ እንግዲህ በአንዷ 50 ሳንቲም ተረፈ። የመሣሪያውን ዋጋ ለመመለስ አንድ ሺህ ጥይት መተኮስ አለበት ማለት ነው። በዓመት ሃያ የሚተኩስ ሰው አንድ ሺህ የሚደርሰው በሃምሳ ዓመት ነው። ልጁ ዛሬ 38 ዓመቱ ነው፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ቢሰጠው የመጀመሪያዋን የትርፍ ሳንቲም በ88 ዓመቱ ያያታል። በዚህ ጊዜ ሳቀ፤ እኔ ግን ገና አልጨረስሁም ነበር። በሰዓት ስንት ትሞላለህ ብለው ተጠንቅቆ ሲሠራ ሃምሳ ያህል እንደሚሆን ነገረኝ፤ ደመወዙ በሰዓት 25 ዶላር ነው፤ እንግዲህ በአንዲቷ ጥይት ላይ የሚያፈሰው ጉልበት 50 ሳንቲም ነው፤ ተረፈ የተባለውም ይኸው 50 ሳንቲም ነው። የተረፈው ነገር የገዛ ወዙ ነበር፤ ከአንዱ ኪሱ አውጥቶ ወደ ሌላው ኪሱ ሲያስገባ በመንገድ ላይ ያገኘው መስሎት ኖሯል።

ልጁ መልስ አላጣም፤ ምክንያቱም ሞኝ አይደለም። «ጋሼ፣ በዚያ ሰዓት እኮ ሥራ ላይ አልሆንም፤ ሌላው ሰው ኳስ የሚያይበት ጊዜ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰው ለመዝናናት የሚያጠፋውን ሰዓት በደመወዙ ልክ ማስከፈል ግፍ ነው። እንዲያውም በሚገባ የተመዘነችና ለጠመንጃው ባሕርይ የተስማማች የእጅ ጥይት ከሱቋ ይልቅ ዒላማዋን እንደምትመታ፣ ዒላማ የሚወዳደሩ ሰዎች በዓመት በሺህ የሚቆጠር ስለሚተኩሱ በእርግጥ እንደሚያተርፉ፣ በገበያ የማይገኝ የአሮጌ ጠመንጃ ጥይት የሚሻ ሰውም ከመሙላት በቀር መንገድ እንደሌለው አስረዳኝ፤ ሁሉንም ተቀበልሁት። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ምሳሌ ወደ እኛው አባቶች ወደ እጦቱ ወገን የሚመለስ ነው፤ ዒላማ ተወዳዳሪውም ቢሆን፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች እንደሚመሰክሩት፣ ጥይቷ ስለ ረከሰችለት አብዝቶ ይተኩሳል እንጂ የዓመቱ ወጪ አይቀንስለትም። ደግሞም በወረርሽኙ ጊዜ፣ በእኛ 2012 እና 2013 ዓ.ም. ሰው ሁሉ በፍርሃት ጥይት ሲሸምት፣ ያቺ በቀለሁ ግርጌ የምትቀመጠው ትንሽ መለኮሻ በአሜሪካ ገበያ ዋጋዋ እጥፍ ድርብ ሆነ፣ ከዚያም ከየሱቁ ጠፋች፤ በቤቱ እሞላለሁ ያለው ሁሉ መሣሪያውን አቧራ ሲያለብስ ከረመ። ያ የባለጸጋ አገር ሰው ለጥቂት ጊዜ የዱር አርበኛውን ጭንቀት በስሱ ቀመሰ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ነው። በቤት የተሠራ ነገር ቁጠባው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይመጣል፤ ጉዳቱ ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ስለዚህም ሰው ዘጠና ዘጠኙን ቀን ጠቢብ ሆኖ ኖሮ በመቶኛው ቀን ይደነግጣል። ይህን ለአርሲ ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም፤ እርሱ ከስንዴው ተምሮታል። የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ያ ሁሉ ሰው ካዱ እያለ የሚጠራው፣ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ፣ የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ምርጥ ዘር ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ገበሬው አንድ ጊዜ የገዛውን ዘር ከራሱ አውድማ እየመረጠ ዓመት ከዓመት መልሶ ይዘራዋል። ስንዴ በራሱ አበባ የሚዳቀል ስለሆነ ይህ መልካም ቁጠባ ነው፤ እኔም የምቃወመው አይደለሁም። ነገር ግን ኩብሳና ገለማ የተባሉት ዝርያዎች ደጋውን ሁሉ ካለበሱት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ መኸር ቢጫ ዋግ በወረደ ጊዜ፣ የዓመታቱ ቁጠባ ሁሉ በአንድ መኸር ወደ ገለባ ተለወጠ፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላም ዲገሉ የተባለውን ዝርያ የግንድ ዋግ መታው። ዘሩ ከቤት በመገኘቱ አልነበረም የተመታው፤ ገበሬው አዲስ ዝርያ እንዲፈልግ የሚያስገድደው ወጪ ስላልነበረበት በአሮጌው ላይ ተቀምጦ በመቆየቱ እንጂ። ሆኖም በእርሻ ያለው ጉዳት ገንዘብና ረኀብ ነው፤ በቤት የሚጠነሰስ ጠላም ብቅሉ ቢበላሽ ይኮመጥጣል፣ ባለቤቲቱ ታፍራለች፣ ይኸው ነው። ከጉንጭ አጠገብ የምትፈነዳ ጥይት ግን ሁለተኛ ዙር አትሰጥም። በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሳሳተ ሰው ብዙውን ጊዜ ዝም የሚል ወይም ደካማ ተኩስ ያገኝ ነበር፤ ጭስ አልባው ባሩድ ከመጣ በኋላ ግን ጉልበቱ እጅግ ስለ በረታ፣ የአሮጌውን ልማድ ይዞ የነካው ሰው ጠመንጃውንም ዓይኑንም በአንድ ቀን አጥቷል። ሳይንሱ በገሠገሠ ቁጥር ሥራው ከቤት ወደ ፋብሪካ የሄደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

በመሠረቱ በአገራችን ጥይትን በቤት መሙላት ያተርፋልን ለሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ የሚሰጥ ሕግ አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ማምረትንም መነገድንም ከልክሏል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚላከውን ተንቀሳቃሽ ምስል እያየ ልሞክረው የሚል የአሰላ ወይም የበቆጂ ወጣት ቢኖር፣ ሒሳቡ ውስጥ ከ500 ዶላሩ ሌላ ወኅኒ ቤትንም መደመር ይኖርበታል። ደግሞስ ለምን ይሞላል? ከርከሮና ዝንጀሮ ገብሱን የሚያጠፋበት የጋለማ ተራራ ገበሬ ማሳውን የሚጠብቀው በልጆቹ ጩኸትና በወንጭፍ ነው። በአርባ ጉጉ ጥብቅ የአደን ሥፍራ የደጋ አጋዘንን ለመግደል ከባሕር ማዶ የሚመጣው ባለጸጋ ደግሞ፣ ለአንዲት ቀንድ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የጥይቷን ዋጋ ጨርሶ አይጠይቅም። ያ አጋዘን በዓለም ላይ ከእኛ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ፣ የምዕራቡም ሊቃውንት በእነርሱ አቆጣጠር በ1908 ቡክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በዚሁ በአርሲ ተራራ ገድሎ እስኪያሳያቸው ድረስ መኖሩን ያላወቁት አውሬ ነው፤ እንግሊዛዊው ያን ቀን የተኮሳት ጥይት ስንት ሳንቲም እንደ ነበረች ማንም አልጻፈም።

ልጁ ወደ አሜሪካ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ኦቦን ለመሰናበት ወደ ቤታቸው ሄድን። ቡና ተፈልቶ ገብስ ቆሎ ከቀረበ በኋላ ሽማግሌው የዚያን ምሽቱን ጥያቄ ራሳቸው አነሡት፤ አባታቸው እንዴት ይሞሉ እንደ ነበረ ሊነግሩን ፈልገው ኖሯል። «በልጅነቴ አጠገቡ ተቀምጬ አይ ነበር። ከአሥሩ ሁለቱ ዝም ይሉበታል፤ እርሱም ያውቃል። ስለዚህ ከጅቡቲ የመጡትን፣ በነጋዴ እጅ የገዛቸውን፣ በዝናሩ በቀኝ በኩል ይሰካል፤ ራሱ የሞላቸውን በግራ። ሠርግ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ፉከራ ሲሆን ከግራው ያወጣል። ክፉ ቀን ሲመጣ ከቀኙ» አሉን። የእኅቴ ልጅም፣ «ታዲያ ኦቦ፣ ቀኙን ስንት ጊዜ አወጡት?» አላቸው። ሽማግሌው አልመለሱለትም፤ ተነሥተው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡና በመስቀያው ላይ የነበረውን ዝናር አውርደው በጉልበቱ ላይ አኖሩለት። ጠመንጃው ከብዙ ዓመት በፊት ለመንግሥት ተመልሷል፤ ጥይትም ቀለህም የለበትም። የግራው ወገን ኪሶች በብዙ መሙላትና መጉደል ላልተው አፋቸውን ከፍተዋል፤ በቀኝ በኩል ያለው ቆዳ ግን ገና እንደ ጠነከረ ነው፤ ልጁ ጣቱን በአንዱ ኪስ ሊያስገባ ሞክሮ አልገባለትም።